ናይሎን የሚያጠጣው ሰው

ኢዶ ሳፊያ ስትደውልልኝ ገና ፋብሪካው በር ላይ አልደረስኩም ነበር። ለሥራ ባልደረባዬ ለጋሽ መክብብ፣ ሀርጌሳ 31 ሜይ በሚባለው ሰፈር፣ አንዲት ክፍል ያከራየች አሮጊት ናት። ኢዶ ማለት በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ስለሚጠራት እኛም እንጠራታለን። ስልክ መደወል የምትወድ ሴት አይደለችም።

«ዘይነባ፣ ያ ሽማግሌሽ ዛሬ በሩን አልከፈተም» አለችኝ። «ሻይ ይዤለት ሄጄ አንኳኳሁ። ደግሜ አንኳኳሁ። ሻዩ እጄ ላይ ቀዘቀዘ።»

ባጃጅ ይዤ ስደርስ የጎረቤት ጎረምሶች መቀርቀሪያውን ነቅለውት ነበር። ጋሽ መክብብ በጎኑ ተኝቶ፣ አንድ እጁን ከጉንጩ ሥር አድርጎ፣ እንደተኛ ነው። ጫማው አልጋው ሥር ተስተካክሎ ተቀምጧል። ሐኪሙ መጥቶ አየውና ልቡ ናት አለ። እኛ ሙስሊሞቹ ሰው ሲሞት በዚያው ቀን እንቀብራለን፤ እሱ ግን ኦርቶዶክስ ነው፣ አገሩም ሩቅ ነው። ከግንባታ ሥራ ላይ እየተጠራሩ የመጡት ያገሩ ሰዎች ግቢው ውስጥ ቆመው ዝቅ ባለ ድምፅ ተማከሩና አስከሬኑ በወጃሌ በኩል ወደ ኢትዮጵያ እንዲገባ ተስማሙ። ከዚያ አንዱ ዘወር ብሎ፣ «ለቤተሰቡ ማን ይንገር?» ሲል ሁሉም ወደ እኔ አዩ።

አልፈረድኩባቸውም። ከሁሉም ይበልጥ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ማወቅ ከተባለ።

ፋብሪካችን ወደ አየር ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ ትልቅ የቆርቆሮ መጋዘን ነው። ባለቤቱ ሐጂ ዩሱፍ ይባላል። ፕላስቲክ አቅልጠው ፎርማ ውስጥ የሚጨምቁ ማሽኖች አሉን፤ ለውሃ ፓምፕ ቡሽ፣ ለወፍጮ ጥርስ፣ ለግንባታ ዕቃ መጎተቻ ፑሊ እናወጣለን። እኔ ትዕዛዝ እቀበላለሁ፣ አስተረጉማለሁ። የድሬዳዋ ልጅ ስለሆንኩ ሶማሊኛውም አማርኛውም አፌ ላይ ነው። አንቱ ማለት ግን አይሆንልኝም፤ ጋሽ መክብብንም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንተ ነው ያልኩት። ሌላው ጋሼ ቢሆን ይቀየመኝ ነበር። እሱ ግን ሳቅ ብሎ፣ «ድሬ ነሽ ማለት ነው» ብሎኝ አለፈ።

እሱ የመጣው፣ ዕቃችን እየተሰበረ ደንበኛ በሸሸን ጊዜ ነው። ሶማሌዎች ጂላል በሚሏቸው በደረቁ ወራት የወፍጮ ጥርስ ተሸጦ ሳምንት ሳይሞላው ተሰንጥቆ ይመለሳል። ሐጂ ዩሱፍ ጥሬ ዕቃውን የላኩለት ሰዎች ያጭበረበሩት መስሎት ነበር። አንድ ዘመዱ ስለ ጋሽ መክብብ ነገረው፦ አዲስ አበባ አቃቂ በፕላስቲክ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ዕድሜውን የፈጀ፣ የተማረ፣ አሁን ሥራ የለቀቀ ሰው ነው፤ ሩቅም ቢሆን ይመጣል። መጣም፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው።

የመጀመሪያ ቀን የጠየቀው ትልቅ ድስት ነው። ከማሽኑ የወጡትን ጥርሶች ውሃ ውስጥ ከቶ እሳት ላይ ጣደና ወንበር ስቦ አጠገቡ ተቀመጠ። ሠራተኞቹ እየመጡ ድስቱን ያያሉ። መሐድ የሚባለው የማሽን ሠራተኛ፣ «ሽማግሌው ሾርባ እየሠራልን ነው፣ ማንኪያ አምጡ» ብሎ ሁሉንም አሳቃቸው። ተርጉሜ ነገርኩት። ጋሽ መክብብም ከት ብሎ ሳቀና አንድ ያልተቀቀለ ጥርስ አንስቶ ሲሚንቶ ወለሉ ላይ በመዶሻ መታው፤ ለሁለት ተከፈለ። ከድስቱ አንዱን አውጥቶ አቀዘቀዘና ደግሞ ያንን መታ። መዶሻው ነጥሮ ተመለሰ፤ ጥርሱ ሳይሰነጠቅ ቀረ።

«ንገሪያቸው» አለኝ። «ናይሎን ከፎርማ ሲወጣ ጥም አለበት። ከአየርም ቢሆን ውሃ ይጠጣል። እስኪጠጣ ድረስ ግትር ነው፣ ሲመቱት ይሰበራል። ሲጠጣ ትንሽ ያብጣል፣ ትንሽ ይለሰልሳል፣ ዱላ ይችላል። በርበራ ባሕሩ ዳር ቢሆን አየሩ ራሱ ያጠጣው ነበር። የሀርጌሳ ደረቅ አየር ግን የጠጣውንም መልሶ ይመጠዋል።»

ስለዚህ መቀቀሉ ብቻውን መፍትሔ እንዳልሆነ ያውቅ ነበር። እኛ እንገዛ የነበረው የመስታወት ቃጫ የበዛበትን ናይሎን ነው፤ ጠንካራ ይሁን ብለን። ጋሽ መክብብ የጎማ ብናኝ የተቀላቀለበት ሌላ ናይሎን አስመጣና ሁለቱን በተለያየ መጠን እያደባለቀ ሲሞክር ከረመ። መስታወቱ ሲበዛ ጥርሱ አይጎብጥም፣ ግን ይሰበራል። ጎማው ሲበዛ አይሰበርም፣ ግን ጭነት ሲመጣበት ይጎብጣል። ፀሐይ እንዳያደርቀው ደግሞ ጥቁር ቀለም ይገባበታል። እያንዳንዱን ሙከራ ወለሉ ላይ ጥሎ ድምፁን ጆሮውን አዘንብሎ ያዳምጣል። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ አልሆነም በሚል ራሱን ይነቀንቃል። አንድ ከሰዓት ግን ጥርሱ ወድቆ እንደ እንጨት «ዱብ» አለ። ጋሽ መክብብ መሐድን ጠራውና መዶሻውን አቀበለው። መሐድ መታ፣ ደገመ፣ ላብ አጠመቀው፤ ጥርሱ አልተሰበረም። በዚያ ዓመት ጂላል ተመላሽ ዕቃ አላየንም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ በእሱ አነጋገር ሆነ። አዲስ ሠራተኛ መጥቶ ከሰው ጋር ሲጋጭ፣ «ተዉት፣ ገና ውሃ አልጠጣም» ይላል። ሶማሌዎቹም አባባሉን ያዙት፤ ሐጂ ዩሱፍ በተቆጣ ቁጥር መሐድ ከጀርባው፣ «ውሃ ስጡት» ይላል። ደንበኛ ከምን እንደተሠራ የማይታወቅ ስባሪ ሲያመጣ ጋሽ መክብብ በቢላ ቅንጣቢ ይፍቅና በክብሪት ለኩሶ ያሸታል። እንደተቃጠለ ጠጉር ከሸተተው ናይሎን ነው ይላል። ያኔ ዓይኖቹን ይጨፍናል። እንደዚያ ሲያሸት ፊቱ ከሌላው ጊዜ ሁሉ ይበልጥ ፈታ ይላል።

ረመዳን ሲገባ ፊታችን ውሃ ጠጥቶ አያውቅም። ክፍሉ ሄዶ ጠጥቶ ይመለሳል። «ጋሼ፣ እኛኮ ግድ የለንም» ስለው፣ «እኔ ግድ አለኝ» አለኝ። እሱ ረቡዕ ረቡዕ ሲጾም ግን አንዳችንም አናስታውስም ነበር፤ ሳምቡሳ እየጎረስን አጠገቡ እናወራለን።

አንድ ነገር ልናገር፤ እሱን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ነው። የበዓል ቀን ነበርና ጋሽ መክብብ ሥራ አልገባም፤ ክርስቲያኖቹ አንድ ቤት ተሰብስበው ሲጸልዩ ዋሉ። በዋዜማው ሌሊት መብራት ጠፍቶ ኖሯል። ናይሎን ከመቅለጡ በፊት ማድረቂያ ውስጥ ማደር አለበት። እርጥበት ይዞ ከቀለጠ ውስጡ ይበላሻል፤ ከላይ ደህና መስሎ ይደክማል። ይህም ጋሽ መክብብ ሳይሰለች የሚያስተምረን ነገር ነበር፦ ከመቅለጡ በፊት ማድረቅ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ማጠጣት። ዘበኛው ጄኔሬተሩን ያስነሣው ሊነጋ ሲል ነው፤ እንቅልፍ ወስዶት ስለነበር ለማንም አልተናገረም። መሐድ ማድረቂያው ሲሠራ አየና ሌሊቱን ሁሉ የሠራ መሰለው። ቀኑን ሙሉ ፑሊ አወጣ፤ ማታ ነጋዴው ጭኖ ሄደ።

በማግስቱ ጋሽ መክብብ ገብቶ የቀረች አንዲት ፑሊ አነሣ። ወደ መስኮቱ ይዟት ሄዶ ብርሃን ላይ አገላበጣት። ላይዋ ላይ የብር መልክ ያላቸው ቀጫጭን ጭረቶች ነበሩ። በብረት ማሰሪያው፣ በሞርሳ፣ አጥብቆ አንዴ በመዶሻ መታት፤ ተሰባበረች። ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«የቀሩት የታሉ?»

«ተሸጡ» አልኩት።

«ለምን ሥራ?»

«ለግንባታ። አያሃ ሰፈር።»

ሐጂ ዩሱፍ ነገሩን ሲሰማ ነጋዴውን በስልክ እንጠይቀው፣ ቀስ ብለን እንሰብስብ አለ። ጋሽ መክብብ ጃኬቱን አንሥቶ ወጣ። እኔም ያለ ሶማሊኛ የት ይደርሳል ብዬ ተከተልኩት።

ከነጋዴው የገዢዎቹን ስም ተቀብለን በባጃጅ አያሃን አዳረስነው። አብዛኞቹ ችግር አልፈጠሩም። ሌላ እናመጣላችኋለን ስንላቸው፣ አንዳንዱ እየሳቀ አንዳንዱ እየተነጫነጨ፣ አውርደው ሰጡን። የመጨረሻው ሕንፃ ላይ ግን የሠራተኞቹ አለቃ፣ ፎርማኑ፣ እምቢ አለ። ድንጋይ የሞላ በርሜል በፑሊው ወደ ሦስተኛው ፎቅ እየተጎተተ ነበር። ከሥሩ ከጎጃም የመጡ የቀን ሠራተኞች አሸዋ ይዝቃሉ።

«ነገ ኑ» አለ ፎርማኑ። «ዛሬ ድንጋዩ ማለቅ አለበት። ይኸው ከጠዋት ጀምሮ ተሸክሟል፣ ምን ሆነ?»

ተረጎምኩለት። ጋሽ መክብብ ሄዶ አሸዋ የሚዝቁትን በአማርኛ፣ «ልጆቼ፣ ትንሽ ዘወር በሉልኝ» አላቸው። ዘወር አሉ። እሱ በርሜሉ ሥር ቆመ፤ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ልክ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው።

ፎርማኑ ጮኸ። «ሽማግሌው ምን ሆኗል? ከዚያ አስወጪው!»

«ጋሼ፣ ውጣ እባክህ» አልኩት።

«ፑሊው ደህና ከሆነ እዚህ ብቆም ምን ይለዋል? ጠይቂው።»

ጠየቅሁት። ፎርማኑ ወደ ላይ አየ፣ ወደ ጋሽ መክብብ አየ። ገመድ የያዙት ሰዎች መጎተታቸውን አቆሙ። በርሜሉ ከላይ ሲወዛወዝ ጥላው የጋሽ መክብብን ፊት ይሸፍነውና ይገልጠዋል። በመጨረሻ ፎርማኑ በንዴት እጁን አወናጨፈ፤ በርሜሉን በጎን በኩል ቀስ ብለው አወረዱት፤ ፑሊውንም ፈተው እግራችን ሥር ወረወሩት።

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ያቺን ፑሊ ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ነበር። ሌሎቹን ፋብሪካው ውስጥ አንድ በአንድ መታቸው፤ ገሚሱ ተሰበረ፣ ገሚሱ ቻለ። ያቺን ግን አልመታትም፤ እንደነበረች ፕላስቲክ መፍጫው ማሽን ውስጥ ከተታት።

«እሷንስ አትሞክራትም?» አልኩት።

«ብትችል ፎርማኑ ልክ ነበር እያልኩ እኖራለሁ። ብትሰበር ደግሞ እንቅልፍ አይወስደኝም። ምን ያደርግልኛል?»

ዘበኛውን አልተቆጣውም። እንቅልፍ የወሰደው መሆኑን ሲሰማ፣ «ሲመሽብህ የምታናግረው ሰው የለህም እንዴ?» ብቻ አለው። አባባሉ ያኔ አልገባኝም።

በዚያ ሰሞን ነው ስለ ስልኩ ያወቅሁት። የከሰዓት በኋላው ሶላት፣ አስር፣ ሲደርስ ማሽኖቹ ይቆማሉ፣ ሁላችን ልንሰግድ እንወጣለን። አንድ ቀን መስገድ የማልችልበት የወር ጊዜ ስለነበር ውስጥ ቀረሁ። ከጥሬ ዕቃው ጆንያዎች ጀርባ የጋሽ መክብብ ድምፅ ይሰማኛል። እንዲህ ለስልሶ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

«እንደምን ዋሉ፣ እመቤት? መክብብ ነኝ... አዎ፣ ያ ሰውዬ። ከሀርጌሳ... አዎ፣ ሩቅ ነው። ጉልበትዎ እንዴት ዋለ?... እስኪ የትናንቱን ይጨርሱልኝ።»

ከዚያ ብዙ አዳመጠ፤ አልፎ አልፎ «እህ» ይላል። ሲወጣ አየኝና ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«ጋሼ፣ ወዳጅ አበጅተሃል ማለት ነው» አልኩት።

«አንዲት ሴት ናት። ስለ ባሏ ታጫውተኛለች።»

«ባል አላት?»

«ነበራት» አለኝና ማሽኑን ሊያስነሣ ሄደ።

እኔም መበለት ወዳጅ ይዟል አልኩ። ለመሐድ ነገርኩት፤ መሐድ ለሁሉም ነገረ። ከዚያ ወዲያ አስር በደረሰ ቁጥር ይቀልዱበታል፣ ሽቶ ይረጩበታል፣ ሠርጉ መቼ ነው ይሉታል። እሱም ፈገግ ይላል። ደስ ብሎት ይመስለኝ ነበር። ዓርብ ሥራ በማይኖርበት ቀን ግቢው ውስጥ ለብቻው ሲቀመጥ ኢዶ ሳፊያ ታየዋለች፤ «ያንን ሰው አጋቡት እንጂ፤ ግድግዳ ሲያይ ይውላል» ትለኝ ነበር። ልጠይቀው ይገባኝ ነበር ወይ? አላውቅም። የማይናገርን ሰው መጠየቅም ከባድ ነው።

በሞተ ዕለት፣ ለቤተሰቡ ማን ይንገር በተባለ ጊዜ የእሱን ስልክ ከፍቼ አየሁት። በየቀኑ የተደወለበት ቁጥር አንድ ብቻ ነበር። ሌላ ምርጫ ስላልነበረኝ ወደዚያው ደወልኩ። አንዲት ሴት አነሣች።

«ከሀርጌሳ ነው» አልኩ። «ስለ ጋሽ መክብብ ነበር።»

«ምነው፣ ታመመ?»

«አልታመመም፣ አረፈ» አልኳት።

«ቆይ» አለች። «ወደ ደጅ ልውጣ፣ እህቴ አጠገቤ ናት።» የበር ድምፅ ሰማሁ። ወጥታ ብዙ አለቀሰች። ወይንሸት ትባላለች፤ ደብረ ብርሃን ነው ያለችው። ትንሽ ሲወጣላት፣ «እህትሽ ናት ወዳጁ?» አልኳት፤ እንዴት ላጽናናት እንደምችል ስለጠፋኝ።

«ምን ወዳጅ? ሚስቱ ናት እንጂ።»

እዚያው ኢዶ ሳፊያ ደጃፍ ላይ ቁጭ አልኩ።

ወይንሸት እንደነገረችኝ ሚስቱ ጥሩወርቅ የመርሳት በሽታ ይዟት ነበር። መጀመሪያ መንገድ ጠፋት፣ ከዚያ ቤቷ ጠፋት፣ በኋላ እሱ ጠፋት። ባሌ ሞቷል አለች። የት እንደተቀበረ ንገሩኝ እያለች ታለቅስ ነበር። «እኔ ነኝ፣ አልሞትኩም» ሲላት የማታውቀው ወንድ ቤቷ የገባ እየመሰላት ትጮኻለች፤ ጎረቤት ይሰበሰባል። አንድ ቀን በዘነዘና ልትመታው ተነሣች። ያን ጊዜ ለወይንሸት አስረከባትና ከቤቱ ወጣ።

«በስልክ ግን አትፈራውም ነበር» አለችኝ ወይንሸት። «ድምፁን ወደደችው። ማን እንደሆነ ሳታውቅ፣ ስለ ባሏ የሚጠይቃት ደግ ሰው ነው ትላለች። እንዴት እንደተጋቡ፣ ምን ይወድ እንደነበር ታጫውተዋለች፤ እሱ ይሰማታል። የዕረፍት ፈቃድ ወስዶ ሲመጣ እንኳ አይገባም። አጥሩ ሥር ቆሞ ይደውልላታል። እኔ በመስኮት ሁለቱንም አያቸዋለሁ።»

አስከሬኑን ሸኘነው። ሐጂ ዩሱፍ ማሽኖቹን አስቁሞ መኪናው አጠገብ ቆመ። መሐድ ሬሳ ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ነበር፤ ፊቱን ማንም እንዳያየው ኮፊያውን ዝቅ አድርጎ። እኔ ድንበር አልተሻገርኩም። በማግስቱ አስር ሲደርስ ማሽኖቹ ቆሙ፤ ሁላችንም ልንወጣ ስንል እሱ ወደሚደውልበት ወደ ጆንያዎቹ ዞረን አየን። ነፍሱን ይማር። በእኛም ወግ በእነሱም ወግ ይማረው።

ከቀብሩ በኋላ ወይንሸት ደወለችልኝ። ግቢው በድንኳንና በሰው ሲሞላ ጥሩወርቅ ምን እንደሆነ ጠየቀች፤ የሚሉት ቢጠፋቸው፣ «ያ ከሀርጌሳ የሚደውልልሽ ሰው ሞተ» አሏት። ደንግጣ ቁጭ አለች። ዘመድ የለውም ወይ ብላ ጠየቀች። ሁሉም አንገቱን ደፋ።

«እንግዲያው እኔ ለቅሶ እቀመጥለታለሁ» ብላ ጥቁር ልብስ አስመጥታ ለበሰች፤ ምንጣፉ ላይም ከፊት ተቀመጠች። ሦስቱን ቀን ሙሉ እዚያው ነበረች። ለቀስተኛ በገባ ቁጥር እጁን ይዛ፣ «እኔ እንኳ ሥጋ ዘመዱ አይደለሁም፤ ሰው ስለሌለው ነው» እያለች ይቅርታ ትጠይቅ ነበር አለችኝ ወይንሸት።